ሕመምተኛውና ቃሬዛ ተሸካሚዎቹ
(በሰቆጣ የተደረገ ምልልስ)

ከተነጋጋሪዎቹ አንደኛው በሰቆጣ ከተማ ለብዙ ዘመን ዜማና ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ፣ ደቀ መዛሙርታቸው «የኔታ» የሚሏቸው ሽማግሌ መሪጌታ ሲሆኑ፣ ሁለተኛው በልጅነቱ ከእርሳቸው ዘንድ ፊደል ቆጥሮ፣ ዳዊት ደግሞ፣ ኋላም ወደ ዘመናዊው ትምህርት ቤት ተሻግሮ፣ ከጎንደር በጤና መኮንንነት ተመርቆ የተመለሰ ጎልማሳ ነው። የንግግራቸው መነሻ ወደ ተከዜ በሚወርደው በሰሃላ ቆላ የሚኖር አንድ ገበሬ ነው።

ሐኪም፦ እንደምን ዋሉ የኔታ? ዛሬ የመጣሁት እንደ ልማዴ ልጠይቅዎ ብቻ ሳይሆን የሰው አደራ ይዤ ነው። የሰሃላው ሕመምተኛ ዘመዶች ከቆላ ወጥተው ከእኔ ዘንድ ሰንብተዋል፤ እርስዎ ብዕርዎ የሰላ፣ ቃልዎም በሕዝብ ዘንድ የሚሰማ ስለ ሆነ፣ ለሕክምናው ገንዘብ የሚጠየቅበትን ደብዳቤ እንዲጽፉላቸው፣ እሑድም ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረት ቆመው እንዲያነቡላቸው ይለምኑዎታል።

የኔታ፦ እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ፣ አንተስ እንደምን ሰንብተሃል። ደብዳቤ መጻፉ ባልከበደኝ ነበር፤ ነገር ግን በዐውደ ምሕረት ቆሞ የባልንጀራውን ችግር የሚናገር ሰው አስቀድሞ ችግሩን ራሱ ያወቀው ሊሆን ይገባዋል። ይህ ሰው ታመመ ሲባል ከሰማሁ ዓመታት አልፈዋል፤ አንድ ጊዜ አሜባ ነው፣ ሌላ ጊዜ ጨጓራ ነው፣ ቀጥሎም ቲቢ ነው ሲሉ ሰማሁ፤ ከመንደሩም መጋኛ መታው፣ ዓይነ ጥላ አለበት የሚል አልጠፋም። በየዓመቱ ስሙ ለሚለዋወጥ ደዌ ገንዘብ አዋጡ ብዬ ብነሣ፣ ሕዝቡ «ዘንድሮስ ምን ተባለ?» ብሎ ቢጠይቀኝ ምን እመልስለታለሁ?

ሐኪም፦ የስሙን መለዋወጥ በሕመምተኛው ላይ አይቁጠሩበት፤ የዚህ ደዌ ጠባዩ ራሱ እንዲህ ነው። ሰውየው ሲጀምረው ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ነበረው፤ በአገራችን ደግሞ እንዲህ ያለ ሰው ወደ ጤና ጣቢያ በመጣ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠረጠረው አሜባና እርሱን የመሰለው ተላላፊ ነገር ነው፤ ብዙውን ጊዜም ጥርጣሬው ልክ ሆኖ ይገኛል። መድኃኒቱን ወሰደ፣ ጥቂት ቀለል አለው፣ ተመልሶም ጸናበት። ከዚያ ሰውነቱ እየከሳ፣ ማታ ማታ እያተኮሰው፣ በቀኝ በኩል ከእምብርቱ ዝቅ ብሎ እብጠት ተገኘበት፤ ይህን ያየ ሐኪም በእኛ አገር ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስበው የሆድ ቲቢን ነውና የስድስት ወሩን መድኃኒት ወስዶ ጨረሰ፤ አልዳነም። በመጨረሻ ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል ተልኮ አንጀቱ በኮሎኖስኮፒ ከታየና ናሙና ከተወሰደለት በኋላ ክሮንስ የሚባል የአንጀት ብግነት መሆኑ ተነገረው። ይህን ደዌ በ1932 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ ከተማ ክሮን፣ ጊንዝበርግና ኦፐንሃይመር የተባሉ ሦስት ሐኪሞች ገልጸው ሲጽፉት፣ አንዱ ትልቅ ድካማቸው ከአንጀት ቲቢ የተለየ መሆኑን ማስረዳት ነበር። ሁለቱ እጅግ ስለሚመሳሰሉ፣ ቲቢ በበዛበት አገር ያለ ሐኪም ዛሬም ቢሆን ሲለያቸው ይቸገራል።

የኔታ፦ ከምን ይመጣል ታዲያ? ከምግብ ነው ወይስ ከውኃ?

ሐኪም፦ ከሁለቱም ለይቶ ይኸ ነው ማለት አይቻልም። ሰውነታችንን ከረቂቃን ተሕዋስያን እንዲጠብቅ የተሰጠን ኃይል አለ፤ የዘር ዝንባሌ፣ በአንጀት ውስጥ የሚኖሩት ተሕዋስያንና የአኗኗር ሁኔታ ተባብረው ያንን ኃይል ያሳስቱትና፣ በር እንዲጠብቅ የተቀጠረ ዘበኛ በጌታው ላይ እንደሚነሣ ሁሉ በገዛ አንጀቱ ላይ ይነሣል። አንጀቱ ይቆስላል፣ ይጠብባል፣ አንዳንድ ጊዜም ይበሳል። ፈጽሞ የሚያጠፋ መድኃኒት አልተገኘለትም፤ ነገር ግን ሥርዓቱን ጠብቆ የታከመ ሰው ብዙ ዓመት ሠርቶና ልጆቹን አሳድጎ ሊኖር ይችላል።

የኔታ፦ እንግዲያስ የመንደሩን ወሬ እኔ እመልስላቸዋለሁ። የሆድ ደዌ ሁሉ የኃጢአት ቅጣት ነው የሚሉ ሰዎች በዜና መዋዕል የተጻፈውን የይሁዳን ንጉሥ የኢዮራምን ነገር ይጠቅሳሉ፤ እርሱ በበደሉ ምክንያት በአንጀት ደዌ ተመትቶ ሁለት ዓመት ማቅቆ መሞቱ እውነት ነው። ነገር ግን ያንኑ መጽሐፍ ቅዱስ ወደፊት ገልጠው ቢያነቡ፣ ሐዋርያው ጳውሎስ የመንፈስ ልጁን ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱና ስለሚደጋገምበት ሕመም ጥቂት ወይን እንዲጠጣ ሲመክረው ያገኙታል። ጢሞቴዎስ ኤጲስ ቆጶስ ነበር፤ ሆዱን ያመመው በምን በደል ነው ይላሉ? ሐዋርያውስ የልብሱ ጨርቅ ድውያንን ይፈውስ የነበረ ሰው ሲሆን፣ ለገዛ ልጁ ግን የሕክምና ምክር ነው የጻፈለት። ጸበሉንስ ይዟል?

ሐኪም፦ ይዟል። እኔም አልከለከልሁትም፤ መድኃኒቱን ሳይተው እንዲጠመቅ ብቻ መከርሁት። ጾሙንም የነፍስ አባቱ ፈትተውለታል።

የኔታ፦ መልካም። እንግዲህ ወደ ገንዘቡ እንመለስ፤ የጤና መድን የሚሉት ነገር አለ አይደለም ወይ? በመኸር ጊዜ ከየቤቱ የሚሰበሰበው ገንዘብ ለዚህ ካልሆነ ለምን ይሆናል?

ሐኪም፦ ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች ውስጥ በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ ከዚያ ወዲህ ተስፋፍቷል፤ መክፈል የማይችለውንም ድኃ መንግሥት እየከፈለለት ይገባል። የዚህ ሰው የመድን ደብተር ታድሶ በእጁ ነው፤ በዚያም ደብተር ብዙ ተጠቅሟል፤ አልካድሁም። ችግሩ ያለው ደብተሩ በማይደርስበት ቦታ ነው። አስቀድሞ የቅብብሎሹ ሥርዓት አለ፤ ከጤና ጣቢያ ወደዚህ ወደ ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል፣ ከዚህም ወደ ወልድያ፣ ወደ ደሴ፣ ወደ ጎንደር ወይም ወደ ባሕር ዳር፣ በየደረጃው ሪፈር እያስጻፈ መሄድ አለበት፤ ደረጃውን ዘሎ የሄደ እንደ ሆነ ከኪሱ ይከፍላል። ሥርዓቱን ጠብቆ ቢሄድም ለመኪና፣ ለአልጋ፣ ለራሱና ለአስታማሚው ምግብ የሚከፍልለት የለም፤ ከሰሃላ ተነሥቶ ጎንደር ለሚታከም ገበሬ ደግሞ ከምርመራው ይልቅ መንገዱ ይብስበታል። ከሁሉ የሚከፋው ሌላ ነው፤ መድኃኒቱ በሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት የሌለ ጊዜ «ከውጭ ግዛ» ተብሎ ወረቀት ይሰጠዋል፤ ያች ወረቀት ከደብተሩ ወጥታ ወደ ፍየሎቹ ትሄዳለች።

የኔታ፦ ወደ ፍየሎቹ ማለትህ ገብቶኛል። ስንት ቀሩት?

ሐኪም፦ ፍየሎቹ አልቀዋል። በመጀመሪያው ዓመት ወጠጤ ወጠጤውን ሸጠ፣ ቀጥሎ ወላዶቹን፣ ከዚያም የንብ ቀፎዎቹን ከነማራቸው። አሁን የቀሩት ሁለቱ በሬዎች ናቸው፤ አንዱንም ለመሸጥ ገዢ ቆርጦለታል።

የኔታ፦ በሬውን? አንድ በሬ የቀረው ሰው መቀናጆ ፈላጊ ይሆናል፤ እርሱም በሌላው ሰው ፈቃድና ጊዜ የሚያርስ ነው። ሁለተኛው የሄደ እንደ ሆነ መሬቱን ለእኩል ይሰጣል። ባለ መሬት ሆኖ ከገዛ ማሳው ግማሹን ብቻ የሚያገኝ፣ በዚያውም ላይ ድርቅ ሲመጣ እጁ ባዶ የሚሆን ሰው ነው ማለት ነው። ሰሃላ በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. በድርቁ እንዴት እንደ ሆነች እናውቃለን፤ በሰሜኑም ጦርነት ዘመን የዚህ የዋግ አገራችን ጤና ተቋማት ምን ያህል እንደ ተጎዱ አንተ ከእኔ ይልቅ ታውቃለህ።

ሐኪም፦ አውቃለሁ የኔታ። አሁን ግን አንድ ነገር ልንገርዎ፣ እኔን ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ የሚነሣኝ እርሱ ነውና። ይህ ሰው ቲቢ ነው ተብሎ ሲታከም በነበረባቸው ስድስት ወራት ለመድኃኒቱ አንዲት ሳንቲም አልከፈለም፤ የቲቢ፣ የኤች አይ ቪና የወባ መድኃኒት በአገራችን በነፃ ይሰጣልና። «ቲቢ አይደለም» የተባለ ቀን ዘመዶቹ እልል ሊሉ ይገባ ነበር፤ ነገር ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ ከፋይ ሆነ። ሰውየውም ራሱ «ምነው ቲቢ በሆነልኝ ኖሮ» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። በሽተኛ የከፋውን ደዌ የሚመኝበት ሥርዓት እንዴት ያለ ሥርዓት ነው?

የኔታ፦ ምክንያቱ ምንድን ነው ይላሉ ያስተማሩህ?

ሐኪም፦ ምክንያቱ የታወቀ ነው፤ ቲቢ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል። የሚተላለፍ በሽታ ባለ ጸጋውንም ጎረቤቱንም ያስፈራል፤ ፍርሃት ደግሞ ገንዘብ ያስወጣል። እኔ የተማርሁበት የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው በደምቢያ ወባ ገብቶ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ ነው፤ በ2002 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ዓለም አቀፉ ግሎባል ፈንድም ገንዘቡን የሚሰጠው ለኤድስ፣ ለቲቢና ለወባ ነው። እነዚህ ሥራዎች ሚሊዮኖችን አድነዋል፤ ማንም ሊነቅፋቸው አይችልም። ነገር ግን ከባለቤቱ ሌላ ማንንም የማይነካ፣ አንድን ሰው ብቻውን ይዞ በሆዱ ውስጥ ተደብቆ የሚበላው ደዌ የሚያስፈራው ጎረቤት የለምና፣ የሚቆምለትም ባለ ገንዘብ የለውም።

የኔታ፦ በዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ መፃጉዕ ተብሎ የሚታሰበው ሰው በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ አጠገብ ተኝቶ የነበረ፣ 38 ዓመት የታመመ ነው። ጌታችን ልትድን ትወዳለህን ብሎ በጠየቀው ጊዜ ያ ሰው ስለ ደዌው ጽናት አንዲት ቃል አልተናገረም፤ ውኃው ሲታወክ ወደ ውስጥ የሚያገባው ሰው ማጣቱን ነው የነገረው። እኔ ይህን ወንጌል በሰማሁ ቁጥር የምደነቀው በ38ቱ ዓመት ነው። ያ ሰው ከሕፃንነቱ ጀምሮ ዘመድ አልባ ነበረ ለማለት አይቻልም፤ በመጀመሪያው ዓመት ወንድሞቹ ተሸክመው ያመጡት ይሆናል፣ በሁለተኛውም እኅቱ እንጀራ ታመላልስለት ይሆናል፤ በአሥረኛው ዓመት ግን ማን ይቀራል? ረጅም ደዌ ሰውን ሰው የሚያሳጣው ቀስ እያለ ነው። ባለ ደሟም ሴት እንዲሁ ናት፤ 12 ዓመት ስትታመም ገንዘቧን ሁሉ ለባለ መድኃኒቶች ከፍላ ጨርሳ ነበር ብሎ ወንጌላዊው ማርቆስ ይነግረናል።

ሐኪም፦ ስለዚህ ደብዳቤውን ይጽፉላቸዋል ማለት ነው?

የኔታ፦ ቆይ፣ አትቸኩል። ልመና ነውር ነው ከሚሉት ወገን አይደለሁም፤ እኔ ራሴ ደበሎ ለብሼ፣ ኮረጆ አንግቼ፣ ከበር ወደ በር «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልሁ ቁራሽ ለምኜ የተማርሁ ሰው ነኝ። ነገር ግን የተማሪ ልመና መጨረሻ አለው፤ ሰጪውም ይህ ልጅ ነገ ዲያቆን፣ ከነገ ወዲያ ቄስ ሆኖ እንደሚመለስ ያውቃል። የእናንተ ደብዳቤ መጨረሻው የት ነው? ዘመዶቹ ምን ያህል ገንዘብ ይፈልጋሉ?

ሐኪም፦ ሐሳባቸው ትልቅ ነው። አንድ ዘመዳቸው ከአዲስ አበባ ደውሎ እንዲህ መክሯቸዋል፦ የሕመምተኛው ፎቶግራፍ ተነሥቶ፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ተጽፎበት፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅና በመኪና ላይ በድምፅ ማጉያ ይነገር፤ በአረብ አገር ላሉትም ልጆች በስልክ ይላክ፤ ብዙ ገንዘብ ሲሰበሰብም ወደ ውጭ አገር ይወሰድ።

የኔታ፦ ያን ጊዜ ምን ይደረግለታል? እዚያ የሚድን ከሆነ እኔም ማጉያውን እይዛለሁ።

ሐኪም፦ እውነቱን ልንገርዎ፤ አንጀቱ ጠብቦ ወይም ተበስቶ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ቀን ሊመጣ ይችላል፤ ያን ጊዜ ግን አገር ውስጥም ይሠራል። ከ1998 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለዚህ ደዌ የተፈቀዱ እንደ ኢንፍሊክሲማብ ያሉ በመርፌ የሚሰጡ ብርቱ መድኃኒቶችም አሉ፤ ነገር ግን እነርሱም በየጥቂት ሳምንቱ እየተደገሙ የሚሰጡ ናቸው። ውጭ አገር ሄዶ አንድ ጊዜ ወይም ሁለት ጊዜ ተወግቶ ወደ ሰሃላ የተመለሰ ሰው፣ ገንዘቡ ካለቀ በኋላ ደዌው ተመልሶ ያገኘዋል። አሁን የታዘዘለት ፕሬድኒሶሎንና አዛታዮፕሪን ነው። ፕሬድኒሶሎን ብግነቱን ቶሎ ያበርዳል፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ የወሰደው ሰው በድንገት ቢያቋርጠው ሰውነቱ የራሱን መሰል ሆርሞን ማመንጨት ትቶ ነበርና ለብርቱ አደጋ ይጋለጣል፤ ቀስ በቀስ ነው መቀነስ ያለበት። አዛታዮፕሪኑ ደግሞ ሥራውን ለመጀመር ሁለትና ሦስት ወር ይፈጅበታል፤ የደም ነጭ ሕዋሳትንም ሊያሳንስ ስለሚችል ደሙ በየጊዜው መመርመር አለበት።

የኔታ፦ እንግዲህ አንተው ራስህ ፈረድኸው። ይህ ሰው የሚፈልገው ሳይቋረጥ የሚመጣ ጥቂት ገንዘብ ሆኖ ሳለ፣ ዘመዶቹ የሚለምኑለት አንድ ጊዜ መጥቶ የሚያልቅ ብዙ ገንዘብ ነው። እኛም የለመድነው ያንኑ ነው። ቤት ሲቃጠል አገር ሁሉ ይወጣል፤ ሰው ሲሞት እድሩ፣ በወሎ በኩል ቅሬ የሚሉት፣ ድንኳኑን ይተክላል፣ እህሉን ያመጣል፣ ሐዘንተኛውን ያጽናናል። ያው ሰው በሕይወት ሳለ አምስት ዓመት ሲማቅቅ ግን እድሩ የሚያደርግለት ሥርዓት አልተጻፈም። ሰው ሊድን በሚችልበት ጊዜ ገንዘባችንን ይዘን፣ ሊድን በማይችልበት ጊዜ እናወጣለን። እኔ በብዙ እድር ተቀምጬ፣ ብዙ ተዝካርም በልቼ፣ ይህን ነገር አንድም ቀን አንሥቼ አላውቅም ነበር።

ሐኪም፦ የሰሃላ ሰው ግን ሰነፍ አይደለም የኔታ። ሕመምተኛው በጠናበት ቀን ጎረቤቶቹ ቃሬዛ አበጅተው፣ አራት አራት እየሆኑ እየተፈራረቁ፣ በዚያ ገደል ተሸክመው መኪና እስከሚገኝበት መንገድ አውጥተውታል። ያልተሸከመ ጎልማሳ አልነበረም፤ ቢቀርም በመንደሩ ሥርዓት ይቀጣ ነበር።

የኔታ፦ ይህንኑ ነው የምልህ! በወንጌልም ሽባውን የተሸከሙት አራት ነበሩ፤ ነገር ግን እነርሱ በሩ በሕዝብ በተዘጋ ጊዜ ጣራውን ቀደው አወረዱት፤ የእኛ ተሸካሚዎች ግን መኪናው በር ላይ ያወርዱትና ተመርቀው ይመለሳሉ። የሰሃላ ሰው ትከሻውን መስጠት ያውቃል፤ የትከሻው ሥራ ከመኪናው መንገድ በኋላም እንደሚቀጥል ግን የነገረው የለም። ስለዚህ ደብዳቤው ለማን ነው የሚጻፈው ብለህ ብትጠይቀኝ፣ ለአዲስ አበባና ለአረብ አገር ከመጻፉ በፊት ለእነዚያ ተሸካሚዎች ይጻፍ እላለሁ።

ሐኪም፦ በዚህስ አልስማማም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ተሸካሚዎቹ እኮ ራሳቸው የሴፍቲኔት እርዳታ የሚጠብቁ ድኆች ናቸው። በየወሩ ገንዘብ አምጡ ቢባሉ ሁለት ወር ያመጣሉ፤ በሦስተኛው ወር ከልጃቸው አፍ ነጥቀው ነው የሚያመጡት። ድኃን ለድኃ ማሸከም ባለ ጸጋውን ማሳረፍ ነው።

የኔታ፦ ገንዘብ መቼ አልሁ? በሬውን እንዳይሸጥ ያድርጉት። ጎልማሶቹ በደቦ ማሳውን ይረሱለት፣ ያርሙለት፣ ይጨዱለት፤ ሰውየውም መሬቱን ለእኩል ሳይሰጥ ሙሉውን እህል ወደ ጎተራው ያግባ። ለእነርሱ በዓመት ጥቂት ቀን ጉልበት ነው፤ ለእርሱ ግን የግማሽ እህል ዋጋ ነው፤ ያም ለስንት ወር መድኃኒት እንደሚሆን አንተ አስላው። ሕክምና የሚረዳው በገንዘብ ብቻ ነው ያለው ማን ነው? ገንዘቡን ገንዘብ ያላቸው ያዋጡ፤ እርሱንም ቢሆን ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ድኆች ባሰባሰበ ጊዜ የቆሮንቶስን ሰዎች እንዳዘዘው በየሳምንቱ መጀመሪያ ቀን ጥቂት ጥቂት ለይተው ያስቀምጡ። ያ ታላቅ ሐዋርያ እርሱ ሲመጣ በችኮላ እንዲዋጣ አልወደደም። እኛ በየእሑዱ ሰንበቴ አለን፤ ጠላውና ዳቦው ሲቀርብ አንድ ሙዳይ አብሮ ቢቀርብ ማን ይከለክላል?

ሐኪም፦ ይህ ደስ ያሰኘኛል፤ ለመድኃኒቱም ጠባይ የተስማማ ነው። ነገር ግን ሰው ያምናል ወይ? ይህ ደዌ እኮ ለዓይን የሚታይ ቁስል የለውም። ቁስሉ ከሆድ ውስጥ ነው፤ ሰውየውም ስለ ተቅማጡና ስለ ደሙ ለሰው መናገር ያፍራል። ይባስ ብሎ ፕሬድኒሶሎን ፊትን ያሳብጣልና፣ ባለፈው ጊዜ ገበያ በወጣ ጊዜ ያዩት ሰዎች «ታምሜያለሁ የሚለው ሰውዬ እንዴት ፊቱ ሞላ! ከእኛ ይሻላል» ብለው ሳቁበት። ቤቱ ሲገባ እንዳለቀሰ ሚስቱ ነገረችኝ። በከተማዎቹም በሐሰተኛ የሕክምና ወረቀት የሚለምኑ በዝተው ሕዝቡ ልቡ ደንድኗል።

የኔታ፦ ለዚህ ነው ፎቶግራፉን የማልወደው። የሰው ሆድ ተገልጦ በማጉያ የሚነገርበት ምጽዋት፣ ለተቀባዩ ገንዘብ ቢያስገኝለትም ክብሩን ያስከፍለዋል፤ በዚያውም ላይ የተሞላ ፊቱን አይተው አያምኑትም። ደዌውን በዝርዝር የሚያውቁ ሦስት ሰዎች ይበቃሉ፤ አንዱ አንተ ነህ። በደብዳቤው ላይ «ሕይወቱን ሙሉ መድኃኒት የሚያስፈልገው የአንጀት ደዌ» ተብሎ ይጻፍ፤ ከዚያ የሚበልጠውን መስማት የሚፈልግ ቢኖር ወደ አንተ ይምጣ። ገንዘቡን የሚይዙትም ከዘመዶቹ ወገን አይሁኑ። ሐዋርያት የመበለታት ምግብ ነገር ባስነሣው ማጉረምረም ጊዜ ሰባት የተመሰከረላቸው ሰዎች አስመርጠው ሾሙ እንጂ ገንዘቡን በየዘመዱ አልበተኑትም። ከሰንበቴው አንድ፣ ከእድሩ አንድ፣ ከእናንተም ከሆስፒታሉ አንድ ሰው ቢሆኑ ይበቃል፤ በየሩብ ዓመቱም የገባውንና የወጣውን በሕዝብ ፊት ያንብቡ። ቅዱስ ባስልዮስ በአራተኛው መቶ ዓመት ከቂሳርያ ከተማ ውጭ የድውያን ቤት ሲሠራ፣ እርሱ ራሱ ሕመም የማይለየው ሰው ነበር፤ ቤቱ ከእርሱ በኋላም የቆመው ሥርዓት ስለ ነበረው ይመስለኛል።

ሐኪም፦ አሜን፣ ይሁን። ግን የኔታ፣ ይህ ሁሉ ሆኖ ገንዘቡም ተገኝቶ፣ መድኃኒቱ ከገበያ ቢጠፋስ? እኔ ወረቀት ይዤ ከመድኃኒት ቤት መድኃኒት ቤት ስዞር የዋልሁባቸው ቀኖች አሉ፤ ገንዘብ ያለው ሰውም ያን ጊዜ ከድኃው እኩል ነው።

የኔታ፦ ለእርሱ መልስ የለኝም። እርሱ የአንተና የአለቆችህ ሥራ ነው፤ የጤና መድን ደብተር የያዘ ሰው «ከውጭ ግዛ» የተባለበትን ወረቀት ሁሉ ሰብስበህ ለሚመለከተው ክፍል አመልክት፤ እኔም አብሬህ እፈርማለሁ። የመሪጌታ ፊርማ ለቢሮ ምን ይጠቅማል ካልኸኝ አላውቅም። አሁን አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ሕመምተኛው ራሱ ስለዚህ ደብዳቤ ምን አለ?

ሐኪም፦ እርሱን… ዘመዶቹ ናቸው የላኩኝ።

የኔታ፦ እርሱን አልጠየቃችሁትማ! ሰው ስለ ገዛ ሆዱ በዐውደ ምሕረት ሲነገር ሊሰማ ነው፣ እርሱ ግን ከሁሉ ኋላ ያውቃል። መጀመሪያ ሂድና ጠይቀው፤ ፈቃዱ ከሆነ ስሙ ይጠራ፣ ፈቃዱ ካልሆነ «ከሰሃላ የሆነ አንድ ወንድማችን» ይባል፤ ገንዘቡም ከነጭራሹ አልፈልግም፣ ማሳዬን ብቻ እረሱልኝ ቢል፣ እንደ ቃሉ ይደረግ። በሬውንም የቆረጠውን ገዢ አንተ እንደምንም ብለህ ለጥቂት ሳምንት አቆየው።

ሐኪም፦ ነገ ማለዳ ወደ ሰሃላ የምትወርድ መኪና አለች፤ በእርሷ እሄዳለሁ። ከእኔ ሌላ የሚፈልጉት ነገር አለ?

የኔታ፦ አለ እንጂ። ለመድኃኒቱ፣ ለደም ምርመራውና ለመንገዱ በወር የሚያስፈልገውን ለይተህ በወረቀት ጽፈህ አምጣልኝ። እኔ «ብዙ ገንዘብ» የሚል ደብዳቤ አልጽፍም፤ ልኩ የታወቀ ይሁን።

ሐኪም፦ የመድኃኒቱ ዋጋ እኮ በየወሩ ይለዋወጣል የኔታ።

የኔታ፦ እንግዲያስ በየወሩ እየጻፍህ አምጣ።